የገብስ ጠላ ኃይልና የቀማሹ ፍርድ

በአክሱም ከተማ ከሚገኙት የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሕፈቶች አንዱ ስለ ቤጃ ሕዝብ ዐመፅና መገዛት ይናገራል። ዘመኑ 4ኛው መቶ ዓመት ሲሆን ነገሩ በግዕዝ ፊደል፥ በሳባ ፊደልና በጽርእ ቋንቋ ተቀርጿል። ንጉሡ ወንድሞቹን ልኮ ካስገበራቸው በኋላ 6 አለቆችንና 4,400 ሕዝብን ወደ ሌላ አገር አዛውሮ አሰፈራቸው፤ በመንገድም ሳሉ ምግባቸውን አላጓደለባቸውም። እንጀራና ሥጋ፥ ጠላና ወይን እስኪጠግቡ ድረስ እንደ ተሰጣቸው ድንጋዩ ይመሰክራል። የጽርኡ ጽሕፈት ጠላውን «ዚቶስ» ይለዋል፤ ይኸውም የጽርእ ጸሐፊዎች የግብጽን የገብስ መጠጥ የሚጠሩበት ስም ነው። በግዕዝ ከእህል የሚጠመቀው መጠጥ ስዋ፥ ከማር የሚጣለው ሜስ ይባላል፤ ትግርኛ ሁለቱንም ስሞች እስከ ዛሬ ጠብቋቸዋል፤ አማርኛ ግን ፊተኛውን ጠላ፥ ሁለተኛውን ጠጅ ብሎታል።

ድንጋዩ ጠላው መሰጠቱን እንጂ ምን ዓይነት ጠላ እንደ ነበረ አይናገርም። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጠላ ሁሉ አንድ አይደለምና። ለመንገደኛ ጥማት የሚሆን ቀጭን ጠላ አለ፤ ለበዓል ተብሎ የሚቀመጥ፥ ሁለት ዋንጫ ከተጠጣ በኋላ ንግግርን የሚያበዛ ብርቱ ጠላም አለ። ይህን ከዚያ የሚለይ ምላስ በአገራችን የተከበረ ሆኖ ኖሯል፤ በእርሱ ፍርድ የእንግዳው ክብር፥ የጠማቂዪቱ ስም፥ አንዳንድ ጊዜም የማኅበሩ ሰላም ይወሰናልና።

ብርቱ የገብስ መጠጥን ቀምሰው ፍርዳቸውን በጽሑፍ ካስቀሩት ጥንታውያን አንዱ የአቴና ሰው ክሴኖፎን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ ከጽርእ ወታደሮች ጋራ በክረምት በአርመን ተራሮች ሲያልፍ በመንደሮቹ ውስጥ «የገብስ ወይን» አገኘ። መጠጡ በትልልቅ ገንቦዎች ተሞልቶ የገብሱ ፍሬ እስከ አፉ ድረስ ተንሳፎበት ነበር፤ ሰዎቹም አንጓ በሌለው መቃ እየሳቡ ይጠጡት ነበር። ስለ መጠጡ የሰጠው ፍርድ አጭር ነው፤ ውሃ ካልተጨመረበት እጅግ ብርቱ፥ ለለመደው ግን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን ጻፈ። በዚህች አጭር ቃል ኃይሉና ጣዕሙ ለየብቻ ተመዝነዋል። ብዙ ጠጪ ዛሬም ይህን አይለይም፤ ራሱን ያዞረውን ሁሉ መልካም ጠላ ይለዋል።

የገብስ ወይን የሚለው ስም ከብዙ ዘመን በኋላ በእንግሊዝ አገር ዳግመኛ ተነሣ። በበርተን ከተማ የነበረው የባስ ጠመቃ ቤት «ቁጥር 1» የተባለውን ብርቱ ቢራውን በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ በዚህ ስም ይሸጠው ጀመር። በመጠጡ ውስጥ ወይን የሚባል የለበትም፤ ስሙን ያገኘው ኃይሉ ወደ ወይን ጠጅ ስለሚቀርብ ነው። የዚህ ዓይነት መጠጥ የአልኮል ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 8 እስከ 12 እጅ ይደርሳል። የአሠራሩ ምሥጢር በውሃው ነው። ጠማቂው በብቅሉ ላይ ፍል ውሃ ያፈስና መጀመሪያ የሚወጣውን ወፍራምና ጣፋጭ ውሃ ለብቻው ይለያል፤ ብርቱው መጠጥ ከዚህ ይጠመቃል። በዚያው ብቅል ላይ ዳግመኛ ውሃ ሲጨመር የሚወጣው ቀጭኑ ደግሞ ለቤት ሠራተኞችና ለዕለት ጥማት የሚሆን ደካማ ቢራ ይሆን ነበር።

ይህን የሚሰማ የአማራ አገር ጠማቂ የሚያስደንቀው ነገር የለም። ጠላው ተቀድቶ ሲያልቅ በቀረው ድፍድፍ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣልና። ቅራሪ ለሕፃናት፥ ለእረኞችና ለአጫጆች የሚሰጥ መጠጥ ነው፤ ጥማትን ይቈርጣል እንጂ ራስን አይነካም። ስለዚህ አንድ ቀማሽ «ይህ ጠላ ቅራሪ መሰለኝ» ያለ እንደሆነ ለጠማቂዪቱ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ የፊተኛውን ውሃ ለራሷ አስቀርታ የኋለኛውን ለእንግዳ አቀረበች እንደ ማለት ነውና።

የጠላን ብርታት ለመፍረድ ብርታቱ ከወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያው ብቅሉ ነው። ገብሱ ውሃ ጠጥቶ በቅጠል ተሸፍኖ ጥቂት ቀን ሲቈይ ያቈጠቍጣል፤ በዚህ ጊዜ በፍሬው ውስጥ ተኝቶ የነበረው ኃይል ይነቃና ዱቄቱን ወደ ስኳር ሊለውጥ ይዘጋጃል። ከዚያ ደርቆ ይፈጫል። ልምድ ያላት ሴት ብቅሉን የምትፈትነው በጥርሷ ነው፤ አንዲቱ ፍሬ ስትሰበር ከጣፈጠች ሥራው ተሳክቷል፤ ጥሬ ጥሬ ካለች ገና ነው፤ ከሻገተች ግን ያ ሽታ እስከ ዋንጫው ድረስ ይከተላል እንጂ በጌሾ ብዛት አይሸፈንም።

ጌሾ ለኢትዮጵያ ጠላ ሆፕ የተባለው ተክል ለፈረንጅ ቢራ እንደሚሆነው ያለ ነው። ቅጠሉም እንጨቱም ይገባል። ምሬት ይሰጣል፤ መጠጡ ፈጥኖ እንዳይበላሽም ይጠብቃል። ጌሾና ጥቂት ብቅል በውሃ ተበጥብጠው ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጡ ጥንስሱ ይሆናል። በጥንስሱ ላይ የተቈራረሰ ቂጣ፥ ብቅልና የጌሾ እንጨት ሲጨመር ድፍድፉ ይሆናል። የተቈላው እህል፥ ይኸውም አሻሮው፥ መልኩንና የቈሎ ሽታውን ይሰጠዋል። በመጨረሻም ውሃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ የታጠበ፥ በወይራ ጭስም የታጠነ ነው፤ ጭሱ ለመዓዛ ብቻ ሳይሆን በሸክላው ውስጥ ተደብቆ መጠጡን የሚያበላሸውን ሁሉ ስለሚገድል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጥቁር ጠላ ሁሉ ብርቱ ይመስለዋል። ነገር ግን እሳት የነካው አሻሮ ራሱን ወደ ስኳር የመለወጥ ኃይል የለውም፤ ይህን የሚያደርግለት ብቅሉ ነው። ብቅሉ ካነሰ አሻሮው ቢበዛም መልኩ እንደ ቡና የጠቈረ፥ ኃይሉ ግን ከቅራሪ ያልተሻለ ጠላ ይወጣል። በአንጻሩ ደግሞ መልኩ እንደ ማር የቀላ፥ ሲያዩት የዋህ የሚመስል፥ ከተቀመጡበት ሲነሡ ግን ጕልበት የሚያስከዳ ጠላ አለ።

ሁለተኛው የብርታት ምክንያት የውሃው ማነስ ነው። ፊልተር እየተባለ የሚጠራው ጠላ ድፍድፉ ወፍራም፥ ውሃው ጥቂት ሆኖ በጨርቅ የሚጠለል ነው። መናኛው ጠላ የአልኮል ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ ሲሆን ፊልተሩ 5ና 6 ይደርሳል። ሦስተኛው ምክንያት ትዕግሥት ነው። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ አልኮሉ እየበዛ በሄደ መጠን ራሱ ይደክማል፤ ስለዚህ ብርቱ መጠጥ ከቀጭኑ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ቸኵሎ የከፈተው ሰው ብርቱ ጠላ አይጠጣም፤ ጣፋጭና ከባድ ጉሽ ይጠጣል፤ ሆዱም ሌሊቱን ሲነፋው ያድራል።

በትዕግሥት ረገድ ከኢትዮጵያ የገብስ መጠጦች ሁሉ ለእንግሊዞቹ የገብስ ወይን የሚቀርበው በቀድሞው በጌምድር፥ በተለይም በቅማንት ሕዝብ ዘንድ የታወቀው ኮረፌ ነው። የተፈተገው ገብስ ሌሊቱን በውሃ ያድርና ተቈልቶ ይፈጫል፤ ከዚያም ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋራ ተደባልቆ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። እንግሊዞችም ብርቱ ቢራቸውን በበርሜል ወራትን፥ አንዳንዴም ዓመትን ያስቈጥሩታል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። እነርሱ የቈየውን እንዳለ ይጠጡታል፤ ኮረፌ ጠማቂው ግን ከቈየው ድፍድፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ቀንሶ ውሃ ይጨምርበትና አንድ ቀን አሳድሮ ያቀርበዋል። እንግዲህ የኮረፌ ብርታት በጠማቂው እጅ ነው። ክሴኖፎን ስለ ውሃ የተናገረው ቃል ለጎንደር ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ቀመሳው የራሱ ሥርዐት አለው። ከላይ የተቀዳው ገለባ፥ ከታች የተቀዳው አተላ ይዞ ስለሚወጣ ለፍርድ የሚቀርበው ከመካከል የተቀዳው ነው። ዕቃው ንጹሕ፥ ሌላ ሽታ የሌለበት መሆን አለበት፤ ቅባት የነካው ዋንጫ አረፋውን ስለሚያጠፋ የመልካሙን ጠላ ስም በከንቱ ያጐድፋል። መጠጡ እጅግ መቀዝቀዝም የለበትም፤ ብርድ ምሬቱን ያጐላል፥ መዓዛውን ግን ይደብቃል። የደጋ ቤት የጋን ማስቀመጫ ጥግ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም።

ዓይን ጥራቱንና መልኩን ያያል። ፊልተር ከሆነ ብርሃን ሊያሳልፍ ይገባዋል፤ ኮረፌ ከሆነ ግን ጥራት መጠበቅ ስሕተት ነው፤ እርሱ በጉሽነቱና በአረፋው የሚታወቅ ነውና። ቀጥሎ አፍንጫ ይፈርዳል። የወይራው ጭስ ከሩቅ እንደሚሰማ ሆኖ ቢመጣ መልካም ነው፤ ፈጥኖ ቢያንቅ ግን ጠማቂዪቱ የጋኑን ሌላ ነውር በጭስ ልትሸፍን ፈልጋ እንደሆነ ያጠራጥራል። የሆምጣጤ ሽታ ጋኑ አየር እንደ ገባው ይናገራል፤ የሻጋታ ሽታ ወደ ብቅሉ ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ነው ምላስ ወደ ፍርድ የሚገባው። ጥቂት ተጐንጭቶ በአፍ ውስጥ ማዘዋወር እንጂ እንደ ጥማተኛ መጨለጥ የቀማሽ ወግ አይደለም። በመልካም ብርቱ ጠላ መጀመሪያ የብቅሉ ጣፋጭነት ይሰማል፤ ጥቂት ኮምጠጥ ማለት ይከተለዋል፤ የጌሾው ምሬት ወደ ኋላ ይመጣና አፍን ያጠራል። ከተዋጠ በኋላ መቈየት ያስፈልጋል፤ የኃይሉ ነገር የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ነውና። የበሰለ መጠጥ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ደረት ላይ ይደርሳል። ያልበሰለው ጣፋጭነቱ ከንፈር ላይ ይለጠፋል። ጌሾው የበዛበት ጉሮሮን ይከረክራል፤ ይህን መከርከር ብርታት የሚያስመስሉት አሉ፤ ምሬትና ብርታት ግን የተለያዩ ናቸው። ደካማውን ጠላ ለማበርታት ካቲካላ ቢጨመርበትም ይታወቃል፤ ከንፈርንና ምላስን ፈጥኖ ያቃጥልና ሙቀቱ ወደ ደረት ሳይወርድ ይጠፋል፤ መጠጡም ከመካከሉ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ቀማሹ ቈሎ ወይም ቍራሽ እንጀራ ቀምሶ ምላሱን ካጠራ በኋላ ሁለተኛ ይቀምሳል። ከሦስተኛው በኋላ የሚሰጠው ፍርድ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። በብርቱ መጠጥ ዳኝነት ያለው ፈተና ይህ ነው፤ የሚመረመረው ነገር መርማሪውን ያሸንፈዋል። ስለዚህ ለቀማሽነት የሚመረጠው መጠጥ ወዳዱ ሳይሆን በልኩ የሚታወቀው ሰው ነው። በእንግሊዝ ከተሞች በመካከለኛው ዘመን የቢራን ጥራትና ዋጋ የሚቈጣጠሩ ቀማሾች በሹመት ይመደቡ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት የባለቅኔው የሼክስፒር አባት ጆን ሼክስፒር በስትራትፎርድ ከተማ ይህን ሹመት ይዞ ነበር።

በኢትዮጵያ ግን የቀመሳ መነሻው የጣዕም ነገር ብቻ አልነበረም። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግብር መጠጥ የሚያቀርበው አሳላፊ አስቀድሞ በመዳፉ ላይ ጥቂት አፍስሶ በጌታው ፊት ይጠጣ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ የውጭ አገር መንገደኞችም ይህን ልማድ አይተው ጽፈውታል። ምክንያቱ መርዝ ነው። የመርዙ ፍርሃት ባልነበረበት ቤትም ልማዱ ቀርቶ አልቀረም፤ ባለቤቲቱ ለእንግዳዋ ከመስጠቷ በፊት ትቀምሳለች፤ ይህም «የማልጠጣውን አላጠጣህም» የሚል ቃል ሳይነገር የሚሰማበት ሥርዐት ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ጠጁ በማዕርግ ሲታደል ጠላው ለብዙው ሠራዊት ይቀርብ ነበር። የጠጁ ዝና በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ብዙ ቦታ አግኝቷል፤ የሕዝቡ መጠጥ የነበረው ጠላ ግን በብዙ ጽሑፎች በአንድ ቃል ብቻ ይታለፋል። ይህ መጠነኛ በደል አይደለም።

በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጠላ የሚቀመሰው በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ነው። በሰንበቴ ተራው የደረሰው ቤተ ሰብ ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ ከቅዳሴ በኋላ ለካህናቱ፥ ለማኅበርተኛው፥ ለተሳላሚውና ለነዳያን ያቀርባል። ቀመሳውን ጾም ይገዛዋል። ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው ከ18 ሰዓት አስቀድሞ ከእህልና ከውሃ ይከለከላልና ለነገው ሰንበት የተመረገውን ጋን ቅዳሜ ማታ ከፍቶ ሊቀምስ አይችልም። ስለዚህ ወይ የማይቈርብ ሰው ይቀምስላቸዋል፥ ወይም ጋኑ ሳይቀመስ ይመጣና ፍርዱ በጉባኤ ፊት ይሆናል። ሁለተኛው ለጠማቂዪቱ ከባድ ነው፤ የሳምንታት ድካሟ በአንድ ዋንጫ ይታያልና።

በዚህ ጊዜ የጠላው ብርታት ራሱ የክርክር ምክንያት ይሆናል። ብርቱ ማቅረብ ክብር ነው፤ ሳይቈጥብ ሰጠ ያሰኛል። ነገር ግን ስካር ለካህን በቀኖና የተከለከለ ነው፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣው፥ ከጾም በኋላ በባዶ ሆዱ የሚጠጣው ተሳላሚም በፊልተር ጠላ ቶሎ ይሸነፋል። አስተዋይ ማኅበርተኞች በሁለቱ መካከል መንገድ አላቸው፤ ብርቱውን በትንሽ ዋንጫ፥ ቀጭኑን በጣሳ ይሰጣሉ። ድኻው ግን በዚህ ይጨነቃል። የገብሱ ዋጋ ሲወደድ ለሰው ሁሉ የሚበቃ ብርቱ ጠላ መጥመቅ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ስሙን ለማዳን ሲል ጌሾ ያበዛል፥ ስኳር ወይም ካቲካላ ይጨምራል። እንዲህ ያለውን ጠላ በጉባኤ ፊት የሚያጋልጥ ቀማሽ እውነት ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የተጠመቀ ቀጭን ጠላ ከተበረዘ ብርቱ ጠላ እንደሚበልጥ አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ ግን ሰውየው ወደዚያ ባልደረሰ ነበር።

ዛሬ በጠመቃ ፋብሪካዎች የመጠጥ ኃይል የሚለካው በመሣሪያ ነው። እንግሊዛዊው ጠማቂ ጆን ሪቻርድሰን በብቅል ውሃ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካ መሣሪያ አጠቃቀምን በ1784 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ምላስ ከፋብሪካው ብቸኛ ዳኝነት ወርዷል። በኢትዮጵያም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የገብስ መጠጥ በልክና በቍጥር መጠመቅ ጀመረ። መሣሪያው ኃይሉን ከምላስ ይልቅ አጥርቶ ይናገራል፤ ጭሱ መብዛቱን፥ ጌሾው አለመስማማቱን፥ ብቅሉ በቅጠል ውስጥ ሳለ መሻገቱን ግን እርሱ አይነግርም።

በሰንበቴው ቤት ፍርዱ ተሰጥቶ ጠላው ሲያልቅ በድፍድፉ ላይ ውሃ ይጨመርና ቅራሪው ለሕፃናት ይወጣል። አተላው ለከብት ይሰጣል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፥ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ተራው የደረሰውም ቤት ገብሱን በውሃ ይነክራል።